ባሕሩ ስለ ተዘጋላቸው ስለ ዶክተር ዋይሴያ ናቫኩላ ዕረፍት፣ እና ባሕሩ ስለሚከፈትበት ቀን

ለኮሚቴው አባላትና ሠራተኞች፣ ለናኩሮና ለዋይሌካ መንደሮች ነዋሪዎች፣ ለናቫቱሎአ ደሴት ሕዝብ በሙሉ፤

የናቫቱሎአ ደሴት ገለልተኛ የሳይንስ አማካሪ ኮሚቴ መሥራችና የምርመራ ክፍል ኃላፊ የነበሩት ዶክተር ዋይሴያ ናቫኩላ በልብ ሕመም በዋና ከተማው በሱቫ ሆስፒታል ሲረዱ ቆይተው አርፈዋል። ኮሚቴያችን የተሰማውን ሐዘን በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ለመግለጽ ደጋግሞ ቢሞክርም ቃሉ እየደረቀ ስላስቸገረው፣ እንደ መጣለት ለመናገር ወስኗል። ደግ ሰው ነበሩ። ሳቂታ ነበሩ። ያልመረመሩትን ነገር አይናገሩም ነበር፤ የመረመሩትን ደግሞ ሹም ቢቆጣ፣ ዘመድ ቢያኮርፍ አይተዉትም ነበር።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ይጥራ። በገበያም በቤተ ክርስቲያን ደጅም «ዶክተሩን የገደላቸው ዓሣ ነው» የሚል ወሬ ይሰማል። አይደለም፤ ልባቸው ነው። ከዚህ በታች የምንለውን ስታነቡ፣ «ዓሣ ገደላቸው ብትሉን ኖሮ ሁላችንም እንሰማችሁ ነበር» የሚል ሰው እንደማይጠፋ እናውቃለን። በኮሚቴው ውስጥም ይህንኑ ያሰበ አልጠፋም፤ ሰው ነንና። ነገር ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ እውነት ሲናገሩ የኖሩትን ሰው በሞታቸው ማግስት የውሸት ማስረጃ ልናደርጋቸው አንችልም። በልብ ሕመም ነው ያረፉት። የዓሣው ነገር ሌላ ነው፤ እንደርስበታለን።

ዶክተር ዋይሴያ የተወለዱት በናኩሮ መንደር፣ ከዓሣ አስጋሪዎቹ ጎሳ ነው። ለአለቃው ድግስ ዓሣ የሚያወጣው፣ የባሕሩን ጠባይ የሚያውቀው ይህ ጎሳ ነው። አባታቸው መረብ ሲጎትቱ እሳቸው የዓሣውን ሆድ እየከፈቱ ምን እንደበላ ያዩ ነበር። «ይህ ልጅ ዓሣ አይበላም፤ ዓሣ ያነባል» ይሉ እንደነበር አባታቸውን የሚያስታውሱ ሁሉ ይናገራሉ። በሱቫ ኬሚስትሪ ተማሩ፤ በመንግሥት ቤተ ሙከራ ምግብ፣ መድኃኒትና ውሃ ሲመረምሩ ኖሩ፤ ጸጉራቸው መሸበት ሲጀምር ወደ ደሴታቸው ተመለሱ።

እ.ኤ.አ. በ1999 ኮሚቴያችንን መሠረቱ። ሐሳባቸው፣ ሹሙም ነጋዴውም ሐኪሙም የሚጠይቀው፣ ማንም ግን የማያዝዘው አንድ ቡድን ይኑር የሚል ነበር። የመጀመሪያውን ደንብ ራሳቸው አወጡት፦ በጉዳዩ ውስጥ ዘመድ ያለው አባል ውሳኔው እስኪሰጥ ከክፍሉ ይወጣል። የመጀመሪያው ስብሰባ በወደቡ አጠገብ ስለተሠራው የነዳጅ ማከማቻ ነበር። ደንቡ ተነበበ፤ አንዱ ተነሥቶ ወጣ፤ ሌላዋ ተከተለች፤ ከዚያ ሁሉም ወጣ። በደሴት ላይ ዘመድ ያልሆነ ማን አለ? በክፍሉ ውስጥ የቀሩት የፋርማሲው ባለቤት ወይዘሮ ኡርሚላ ብቻ ነበሩ፤ የእሳቸው አያቶች ሸንኮራ ሊቆርጡ ከሕንድ በመርከብ የመጡ ናቸው።

«እና አሁን ኮሚቴው እኔ ብቻ ነኝ?» ብለው ቢጮሁ፣ ዶክተር ዋይሴያ በመስኮት አንገታቸውን አስገብተው፣ «ይወስኑ እንጂ እመቤቴ፤ እኛ እዚህ የሥር መጠጣችንን ካቫን እየጠጣን እንጠብቅዎታለን» አሏቸው። ወይዘሮ ኡርሚላ ወሰኑ፤ ማከማቻውም ከውሃው ዳር ተነሣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰብሳቢያችን እሳቸው ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2004 ፊት ያነጣል ተብሎ ይሸጥ በነበረ ቅባት ውስጥ ሜርኩሪ እንዳለ ተደረሰበት። ቅባቱን በብዛት ይሸጡ የነበሩት የዋይሌካ መንደር ሹም አቶ ፔኒያሲ ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ የዶክተር ዋይሴያ ባለቤት የወይዘሮ ታራይቪኒ ታላቅ ወንድም ናቸው። ዶክተሩ ናሙናውን ወደ ሱቫ ላኩና ከውሳኔው ራሳቸውን አገለሉ። ኮሚቴው ቅባቱ ከመደርደሪያ እንዲወርድ መከረ፤ ወረደም።

እዚህ ላይ ከሌላ ደሴት ለሚያነቡን አንድ ነገር እንበል። ናኩሮ ባሕር ዳር ነው፤ ዋይሌካ ተራራው ሥር ነው። ሁለቱ መንደሮች ከጥንት ጀምሮ የመሰዳደብ መብት ያላቸው ወገኖች ናቸው። የናኩሮ ሰው የዋይሌካን ሰው ፊት ለፊት ቢሰድብ ነውር የለበትም፤ የዋይሌካ ሰው ከናኩሮ ጓሮ አሳማ እየነዳ ቢሄድ ሌባ አይባልም። የሚያፍረው የተቆጣ ሰው ነው። ስለዚህ አቶ ፔኒያሲ ቅባታቸው በወረደ ጊዜ ወደ ጽሕፈት ቤታችን መጥተው በሩ ላይ ቆሙና፣

«አንተ የዓሣ አንጀት! እህቴን ወሰድክ ዝም አልኩ፤ አሁን ደግሞ ቅባቴን?» ብለው ጮኹ።

«እህትህ ያለ ቅባትም ታምራለች» አሉ ዶክተሩ ከማይክሮስኮፑ ቀና ሳይሉ፤ «አንተን ግን ሜርኩሪም አያድንህም።»

መንገደኛው ሁሉ ሳቀ። አቶ ፔኒያሲም ሳቁ። የቀረውን ቅባት በገዛ እጃቸው አምጥተው አስረከቡ። ያን ጊዜ ይህ ቀልድ በረከት መስሎን ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2012 ከጎርፉ በኋላ ታይፎይድ በገባ ጊዜ፣ ውሃ ሳይፈላ እንዳይጠጣ የሚለውን ምክር በየቤቱ እየዞሩ ያስረዱት እሳቸው ናቸው። የናኩሮ ምእመናን የጥምቀቱን ውሃ ሳይቀር እንዳፈሉት እስከ ዛሬ ይወራል፤ ፓስተሩም አልካዱም።

እ.ኤ.አ. በ2017 ትልልቅ መርከቦች እንዲገቡ ተብሎ በናኩሮ ፊት ለፊት ዓሣ የሚጠለልበት የኮራሉ አለት ተቆፍሮ ቦይ ተከፈተ። ኮሚቴው ቁፋሮው እንዲዘገይ መክሮ ነበር፤ ቁፋሮው አልዘገየም። የሞተው ኮራል አረም ለበሰ። በዚያ አረም ላይ በዓይን የማትታይ መርዘኛ ደቂቅ ፍጡር ትኖራለች፤ ትንሹ ዓሣ አረሙን ይበላል፣ ትልቁ ዓሣ ትንሹን ይበላል፣ መርዙም ከአንዱ ወደ ሌላው እየተጠራቀመ ይወጣል። ዓሣው ራሱ አይታመምም። ዓይኑ ያበራል፤ ሥጋው ነጭ ነው፤ ሽታውም የባሕር ሽታ ነው።

በሁለተኛው ዓመት በናኩሮ ሠርግ ተደገሰ። ከምሳ በኋላ ሙሽራዋ እጇን በቀዝቃዛ ውሃ ልትታጠብ ብላ፣ «ማነው የፈላ ውሃ ያቀረበልኝ?» ብላ ጮኸች። ሚዜዎቿ ሳቁባት። ከዚያ አንደኛዋ ሚዜ ውሃውን ነካችና እሷም እጇን ሰበሰበች። በማግሥቱ ከንፈሩ የደነዘዘ፣ ጉልበቱ የከዳው፣ የቀዘቀዘ ነገር ሁሉ እንደ እሳት የሚፈጀው ሰው ጤና ጣቢያውን ሞላው። የሙሽራው አያት ግን ከተኙበት አልተነሡም፤ ድግሱ ላይ የዓሣው ጭንቅላት የቀረበው ለእሳቸው ነበር።

ዶክተር ዋይሴያ መረመሩ፤ ናሙና ወደ ውጭ አገር ላኩ፤ የእሳቸው ጎሳ ባሕር ስለሆነም ከውሳኔው ወጡ። ኮሚቴው በሰጠው ምክር፣ ከቦዩ አፍ ጀምሮ ያለው አለት በሙሉ ዓሣው ንጹሕ መሆኑ እስኪረጋገጥ እንዲዘጋ ጠየቀ። ምክሩ ለሚመለከታቸው ጽሕፈት ቤቶች ሁሉ ደረሰ። እምቢ ያለ የለም። «ይታያል» ተባለ። አሁንም እየታየ ነው።

ጽሕፈት ቤቶቹ ባይሰሙ ሕዝቡ ይስማ ብለው ዶክተሩ ወደ ዋይሌካ የመንደር አዳራሽ ሄዱ። ኮሚቴያችን ስለዚያ ቀን ብዙ አስቧል፤ ዛሬም ያስባል። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ተነሥተው፣ «ከአለቱ የወጣ ትልቅ ዓሣ አትብሉ። ከንፈራችሁ ይደነዝዛል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ያቃጥላችኋል፤ ልባችሁ ይደክማል» አሉ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

«ሰማችሁ?» አሉ አቶ ፔኒያሲ እንባቸውን እየጠረጉ፤ «ናኩሮ ዓሣውን ለብቻው ሊበላ ነው!»

«ፔኒያሲ፣ የምሬን ነው።»

«መቼ ነው የምርህን ያልሆነው? የኛ የታሮ ሥር ሰው ያጃጅላል ያልከውም የምርህን ነበር!»

«እኛማ ስንወለድም ደንዝዘን ነው ዶክተር!» አለች ከኋላ አንዲት ሴት፤ ሳቁ እንደገና ተነሣ።

እሳቸውም ሳቁ። ምን ያድርጉ? የናኩሮ ሰው በዋይሌካ አዳራሽ ውስጥ አይኮሳተርም። ሲመለሱ ግን በመኪናው ውስጥ፣ መንገዱ ሲጋመስ ለሰብሳቢያችን፣ «ኡርሚላ፣ ይህን ነገር እኔ መናገር አልነበረብኝም። ከእኔ አፍ ከወጣ ለእነሱ ቀልድ ነው» አሏቸው። ደንባችን ማን እንደሚወስን እንጂ ማን እንደሚናገር አላሰበበትም ነበር። ሌላ ሰው ሄዶ እንዲናገር ቀን ተቀጠረ፤ ቀኑ ሳይደርስ ታመሙ።

ባረፉ ጊዜ፣ ለዓሣ አስጋሪዎቹ ጎሳ ሽማግሌ እንደሚደረገው፣ ባሕሩ ለመቶ ሌሊት በሐዘን ተዘጋ። የኮኮናት ቅጠል የታሰረባቸው ምሰሶዎች በአለቱ ዳር ተተከሉ። በሕይወት ሳሉ የለመኑትን ክልከላ ሞታቸው በአንድ ጠዋት አጸናው። ኮሚቴያችን፣ አይደበቅምና፣ በለቅሶው መካከል ደስ አለው። «እነሆ ተዘጋላቸው» አልን።

ደስታችን እስከ ቀብሩ ድረስ ነበር። በቀብሩ ላይ አቶ ፔኒያሲ እንደ ልማዱ ሬሳውን ሊሰድቡ ቆሙ። «ዋይሴያ፣ አንተ ስስታም! ሞተህ እንኳ ዓሣህን ዘጋህብን! ቆይ ብቻ፤ ባሕሩ የተከፈተ ዕለት የመጀመሪያውን፣ ከሁሉም ትልቁን ዶኑ፣ ጭንቅላቱን መቃብርህ ላይ ቁጭ ብዬ ነው የምውጠው! ያን ጊዜ ተነሥተህ አትቀማኝም!» ሰው በእንባውም በሳቁም ተንሰቀሰቀ። ያማረ ንግግር ነበር። መብታቸውም ነው፤ ባሕር ሲከፈት ከሚወጣው ዓሣ ትልልቁን ነጥቆ የሚበላው የመሰዳደብ ወገን ነው። ዶኑ፣ ያ ቀዩ ባለ ነጠብጣብ ዓሣ፣ ከሁሉም በላይ መርዙን የሚያጠራቅም ነው። ከዶኑም ጭንቅላቱ።

ከዚያን ቀን ወዲህ በደሴቱ ሁሉ «ባሕሩ አረፈ፤ ጠራ፤ መቶው ሌሊት ያነጻዋል» ሲባል እንሰማለን። ይህ ስሕተት ነው። መረብ ያርፋል፤ መርዝ አያርፍም። ክልከላው የኛንም የናሙና ጀልባ ስለሚጨምር፣ ልማዱን አክብረን አንዲት ዓሣ እንኳ አላወጣንም። ዶክተሩ ከመታመማቸው በፊት በገዛ እጃቸው ያወጡት ናሙና ውጤት ግን ከውጭ አገር የደረሰው ከተቀበሩ በኋላ ነው። ከሠርጉ ዓሣ የባሰ ነው።

ዓሣው በዝቷል። የሚያሳድደው ስለጠፋ ሰው መፍራት ትቶ እስከ መርከቡ መቆሚያ ድረስ ይመጣል፤ ልጆች በሆዳቸው ተኝተው ይቆጥሩታል። እንዲህ ያለ ብዛት አይተን አናውቅም። ሌላ ዘመን ቢሆን ደስታችን ወሰን ባልነበረው።

ኮሚቴያችን አለቃችንን ራቱ ኔማኒን ለመለመን ወሰነ። የዓሣ ነባሪ ጥርስ ይዞ የመጣ ሰው እንደማይቀልድ ሁሉም ያውቃል፤ አለቃው ጥርሱን ከተቀበሉ ደግሞ ልመናውን ተቀበሉ ማለት ነው። ወይዘሮ ኡርሚላ ቃሉን አጥንተው፣ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው፣ ጥርሱን በሁለት እጃቸው አቀረቡ፤ ባሕሩ ሲከፈት ለሚደረገው የሐዘን ማውጫ ድግስ ከአለቱ ዓሣ እንዳይወጣ ለመኑ። ራቱ ኔማኒ እስከ መጨረሻው አዳመጧቸው። እጃቸውን ግን አልዘረጉም።

«ልጄ» አሉ፤ «በሐዘን መካከል ክርክር አይገባም። ባሕሩ ይከፈት፤ ይበላ፤ ሐዘኑ ይውጣልን። ከዚያ ጥርስሽን ይዘሽ ነይ፤ እቀበልሻለሁ።»

«ከዚያ በኋላ ማን ይቀበለኛል፣ ራቱ?»

«ምን አልሽ?»

«ምንም አላልኩም፣ ጌታዬ።»

ጥርሱ አሁን በጽሕፈት ቤታችን፣ በዶክተሩ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ራቱ ኔማኒን አንወቅስም፤ ልማዱን ነው የጠበቁት። እኛ የቀረን ይህ መግለጫ ብቻ ነው። በሬድዮ ይነበባል፤ በየቤተ ክርስቲያኑ በር ይለጠፋል።

ስለዚህ ስሙን። ይህ መርዝ በመቀቀል አይጠፋም፤ በምድር ምድጃ ቢጋገርም፣ በሎሚ ቢዘፈዘፍም፣ በበረዶ ቢከርምም እንዳለ ነው። ዝንብ አረፈበት ማለት ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ለድመት ሰጥቶ ማየትም ዋስትና የለውም፤ ድመቷ ጥቂት ትቀምሳለች፣ እናንተ ሰሐኑን ትጨርሳላችሁ። ዓሣው በተለቀ መጠን ይከፋል፤ ጭንቅላቱ፣ ጉበቱና እንቁላሉ ከሁሉ ይከፋሉ። ለተከበረ ሰው የምናቀርበውም እነዚህኑ ነው፤ አስቡት። የበላ ሰው ቀዝቃዛ ውሃ ካቃጠለው፣ ወይም አፉ አካባቢ ጉንዳን የሚሄድበት ከመሰለው፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይምጣ። ጤና ጣቢያው ለዚያ ቀን አልጋ ጨምሮ አንጥፏል። ያንን ያስደረገው ኮሚቴያችን ነው፤ አልጋዎቹ ባዶ ሆነው ቢውሉ የሚስቅብን ሁሉ ይሳቅ፤ አብረን እንስቃለን።

የዶክተር ዋይሴያ ባለቤት ወይዘሮ ታራይቪኒ ይህ መግለጫ ሳይወጣ ወደ ጽሕፈት ቤታችን መጥተው ነበር። ለድግሱ ከእሳቸው ቤት የሚወጣው አሳማ፣ ታሮና የቆርቆሮ ዓሣ መሆኑን እንድናሳውቅላቸው ጠይቀዋል። «የዓሣ አስጋሪ ሚስት የባሏን ሐዘን በቆርቆሮ ዓሣ አወጣች ይበሉኝ፤ ይሳቁ» ብለዋል። ስለ ሌላው ቤት ግን ማዘዝ አይችሉም። ከመሄዳቸው በፊት በሩ ላይ ቆም ብለው፣ «እኔ የዋይሌካ ልጅ ነኝ፤ እንዴት እንደምንስቅ አውቃለሁ። ወንድሜን ብቆጣው ይስቃል፤ ባለቅስበት ይስቃል። እናንተ ምኑም አይደላችሁም፤ እናንተ ንገሩት። ወንድሜ እየሳቀ ነው የሚሞትብኝ» አሉ። ቃላቸውን ሳንቀንስ አስፍረነዋል፤ ፈቅደዋል።

የተከበሩ አቶ ፔኒያሲ፤ ይህን መግለጫ የፈረሙት ሰብሳቢያችን የናኩሮ ሰው አይደሉም። ከእርስዎ ጋር ዝምድና የላቸውም፤ ሊሰድቡዎ መብት የላቸውም፤ አንድ ቀን እንኳ ቀልደውብዎ አያውቁም። አማችዎ በአዳራሽዎ ቆመው የተናገሩት ቀልድ አልነበረም። መቃብራቸው ላይ ይቀመጡ፤ ይስደቧቸው፤ የሚገባዎትን አሳማ ነጥቀው ይብሉ። ዶኑውን ግን ይተዉላቸው።

ኮሚቴያችን ለወይዘሮ ታራይቪኒና ለልጆቻቸው፣ ለናኩሮ ዓሣ አስጋሪዎች ጎሳ፣ አማቻቸውን ላጡት ለዋይሌካ ሰዎች፣ በቤተ ሙከራው ባዶ ወንበር አጠገብ ለሚሠሩት ባልደረቦቻቸው መጽናናትን ይመኛል። ምሰሶዎቹ የሚነቀሉበት ማለዳ ቅርብ ነው፤ መረቦቹ እየተጠገኑ ነው። ስም ብቻ ቀይረን ይህንኑ መግለጫ ደግመን እንዳናወጣ እንለምናችኋለን።

የምራችንን ነው።

የናቫቱሎአ ደሴት ገለልተኛ የሳይንስ አማካሪ ኮሚቴ
ኡርሚላ፣ ሰብሳቢ